ቱቦ ሳጥብ የኖርኩበት ክፍልና የልጄ ደም

ልጄ በድሩ ፎጣውን ከእጄ ሲነጥቀኝ ነው አደጋው የገባኝ።

እሱ የሚነዳው ሚኒባስ ጅግጅጋ መናኸሪያ ቆሞ የሐረር ተሳፋሪ ይጭናል። እኔ የጡረታ ወረቀቴን ጨርሼ ከሆስፒታሉ መውጣቴ ነው፤ በዚያው ሳምቡሳ ገዝቼ ላቀብለው ብዬ ጎራ አልኩ። እሱ ጣሪያው ላይ ዕቃ ያስራል። የሾፌሩን በር ከፍቼ ሳምቡሳውን ላስቀምጥ ስል ወንበሩ ላይ ታጥፎ የተነጠፈ ጥቁር ፎጣ አየሁ። ላብ እንዳያስቸግረው ነው ብዬ ልተወው ነበር። እጄ ግን አነሳው። መሐሉ ደርቆ እንደ ቆዳ ገግሟል። ወደ አፍንጫዬ ማስጠጋት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ያን ሽታ ስንት ዓመት በጓንት ይዤዋለሁ።

በድሩ ከጣሪያው ዘሎ ወረደና ነጠቀኝ።

«ተይው እማ። የመኪና ዘይት ነው።»

«ዘይት እንዲህ አይደርቅም።»

«ኪንታሮት ነው በቃ። ሾፌር ሆኖ ኪንታሮት የሌለው ማን አለ? ሰው እየሰማ ነው።»

ተራ አስከባሪው ከወዲያ ሆኖ «እናታችን፣ ልጅሽን ልትነጂለት ነው እንዴ? ውረጂለት እንጂ ሰዓት ደረሰ» ብሎ አሳቀብኝ። በድሩም ሳቀ፤ ሲስቅ ሸሚዙ ከፍ አለና ቀበቶውን አየሁት። በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ ነበረው፤ ከሱ አልፎ ሌላ አዲስ ቀዳዳ ደግሞ ተበስቷል። ስንት ጊዜ ነው ልጄ በዓይኔ ሥር የከሳው? ሳምቡሳውን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በጡረታ ሽኝቴ ላይ ስለ ሥራሽ ተናገሪ ብለውኝ አፌ ተያዘ። ያኔ ያልተናገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ አንባቢ ቢያርመኝ አልቀየምም። ያለ በድሩ ነገር ግን ሥራዬን ልናገር አልችልም፤ ሥራዬን ባልሠራ ኖሮ ያ ፎጣ ፎጣ ብቻ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ኤረር ነው፣ መንግሥት በተለወጠ ማግሥት። አባቴ ጅግጅጋ የከተመ ነጋዴ ነበር፤ ባሌ ደግሞ ኤረር ጨርቅ ይሸጣል። ጤና ጣቢያው ወለል የሚያጥብ ሰው ሲፈልግ ገባሁ። ሶማሊኛ ከልጅነቴ ስለምችል ከመጥረጊያው ጋር አስተርጓሚነቱም ተሰጠኝ። ሆዴን የሚል ሲመጣ የትል መድኃኒት ይሰጠዋል። ደም የሚል ሲመጣ የአሜባ ይሰጠዋል። ያ ካልሠራ ድሬዳዋ ሂድ ይባላል፤ ሂድ የተባለው ሰው ወደ ግመሉ ይሄዳል። ለምን እንደማይመለስ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ በዚያ ዘመን ሰው በሆድ ሕመም መሞቱ እንደ እርጅና የሚቆጠር ነገር ነው።

እዚያ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ አዴር ፋራህ የምንላቸው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። የልጃቸው ልጅ እኛ ጋ ታክማ ስለዳነች ሲመቻቸው ለጤና ጣቢያው ወተት ያመጣሉ፤ ሲያመጡም ለማንም ሳይናገሩ በራፉ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ስሜን አልያዙትም፣ «ልጅቷ» ነው የሚሉኝ።

ባሌ ሲሞት በድሩን አዝዬ ወደ ጅግጅጋ ተመለስኩና አንድ ሆስፒታል በፅዳት ተቀጠርኩ። ሸደር የስደተኞች መጠለያ ሰው ሲበዛ ለጊዜው ወደዚያ ተልኬ ነበር። የሸደሩ አለቃችን «ፅዳት ማለት ግማሽ ሐኪም ነው» ማለት ይወዳል፤ ደሞዝ ሲመጣ ግን ያንን ግማሽ ይረሳዋል። ስመለስ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመደብኩ፤ ከዚያ ነው ቱቦው የመጣው።

ሐኪሞቹ ኢንዶስኮፒ ይሉታል። በአፍ የሚገባው የላይ ምርመራ፣ ከኋላ የሚገባውና ትልቁን አንጀት የሚያየው የታች ምርመራ ይባላል፤ የወረቀት ስሙ ኮሎኖስኮፒ ነው። ጫፉ ላይ መብራትና ዓይን ያለው፣ እንደ እባብ የሚተጣጠፍ ጥቁር ቱቦ ነው። የዚያን ክፍል ነርስ ሲስተር ትርሲት ይሏታል፤ ድሬዳዋ ያደገች፣ ቀጭን፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት። ከፅዳቶቹ መርጣ እኔን ወሰደችኝ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት «ስትሠሪ አትዘፍኚም» አለችኝ።

መጀመሪያ ያስተማረችኝ አያያዙን ነው። ቱቦው በአንድ እጅ አይያዝም፤ ጭንቅላቱ በአንድ እጅ፣ ጫፉ በሌላው፣ እንደ አራስ ልጅ። ተጠምጥሞም አይቀመጥም፣ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ይሰበራል። ከበሽተኛ እንደወጣ ሳይደርቅ ሳሙናና ውሃ እንዲመጥ ይደረጋል። ቀጥሎ አየር ተሞልቶ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ሲስተር ትርሲት በዚህ ጊዜ ቀለበቷን አውልቃ ጋዋኗ ላይ በመርፌ ቁልፍ ታስረውና አጎንብሳ ውሃውን ታያለች። አንዲት አረፋ ከወጣች ቱቦው ቀዳዳ አለው፣ ለሌላ ሰው አይገባም። አረፋ ከሌለ ረጅሙ ብሩሽ በውስጡ ያልፋል፤ ብሩሹ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይደጋገማል። እኔ ነጭ ነው ስል እሷ ወደ መስኮቱ ወስዳ ታየዋለች። «መስኮቱ ምን አለ?» ትለኛለች። መስኮቱ ቢጫ ነው ካለ እንደገና። ከዚያ ዓይን የሚያቃጥለው ኬሚካል፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ አየር፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ መሰቀል። ደረቴን የጎዳኝና ያለ ዕድሜዬ ጡረታ ያስወጣኝ ያ ኬሚካል ነው፤ መስኮታችን አንድ ብቻ ነበር።

ሴት ስትመረመር እኛ አጠገቧ እንቆማለን። ወንድ ሲሆን ወንድ ነርስ ይገባል፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ማጠቢያው ጋ እቆያለሁ። በዚያ የተነሳ ምርመራውን በጆሮዬ መከታተል ለመድኩ። መምጠጫው ሲያንቋርር፣ ሐኪሙ «በጀርባው አዙሩት» ሲል፣ የት እንደደረሱ አውቃለሁ። ሐኪሙ ያየውን ነገር የሚጠራው በዕቃ ነው። የሽቦውን ወጥመድ ከጠየቀ ግንድ ያለው እባጭ አግኝቷል፣ አንቆ ይቆርጠዋል። ቀለበት የሌላትን ትንሿን መቆንጠጫ ብቻ ከጠየቀ የማይቆረጥ ነገር ነው፣ ናሙና ወስዶ ይወጣል። መቆንጠጫዋ የተጠየቀችላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ዳግመኛ አልመጡም።

መጀመሪያ ላይ የታች ምርመራ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ከኋላ ነው ሲባሉ ተነሥተው ይወጣሉ። አንዱ ነጋዴ «ኤዶ» አለኝ፣ አክስቴ ማለቱ ነው፣ «ይሄንን ለሚስቴ ከምነግራት ብሞት ይሻላል።» «ብትሞት ለሚስትህ የምነግራት እኔ ነኝ» ብለው ቁጭ አለ። ቀስ በቀስ ግን ሰው መጣ። ስለ ካንሰር በሬዲዮ ይሰማ ጀመር፤ አዲስ አበባ ታይቶ የመጣ ሰው ለጎረቤቱ ያወራል። ስንለምነው የነበረው ሰው ይለምነን ጀመር። ቱቦው ያው አንድ ነው፣ የሚያየው ሐኪምም አንድ ነው፤ እሱም የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ወረፋው ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ይገፋል።

አዴር ፋራህ የመጡት በዚያን ጊዜ ነው። በሩ ላይ አይተውኝ «ልጅቷ፣ አረጀሽ» አሉኝ።

«እርስዎ ግን አዴር፣ ድሮ አርጅተው ስለጨረሱ አልተለወጡም» አልኳቸው። ሳቁ። ሲስቁ ሆዳቸውን ያዙ።

ደም ያያሉ፣ ከስተዋል። ከኋላ መሆኑን ስነግራቸው «ግመልም ሲታመም ያዩታል» ብለው እሺ አሉ። የሚያስቀምጠውን መድኃኒት ሰጠናቸው፣ እህል እንዳይበሉ ነገርናቸው። አንጀት ባዶ ካልሆነ ቱቦው ጭቃ ውስጥ እንደገባ መኪና ነው። አዳራቸው ወንድማቸው ቤት ነበር። ጠዋት ነርሱ «በልተዋል?» ሲላቸው «ወላሂ ምንም አልበላሁም» አሉ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ መምጠጫው ሲታነቅ ሰማሁ። ደጋግሞ ታነቀ። ሐኪሙ «ነጭ ነገር ነው፣ ምንም አይታየኝም» አለ። መንገዱን ሳያጋምስ አወጣው።

ወተት ነበር። የወንድማቸው ሚስት ከንጋት ሶላት በኋላ ሰጥታቸው ግጥም አድርገው ጠጥተዋል። ለኤረር ሰው የጠዋት ወተት ሰላምታ ነው፤ መመለስ ማለት ያን ቤት መስደብ ነው። ደግሞም አዴር እህል አይብሉ ተባሉ፣ እህል አልበሉም። ማንም አልዋሸም። ሌላ ቀጠሮ ተሰጣቸው፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሩቅ ቀን ነበር። በመሐል ኤረር ዝናብ ጣለ ሲባሉ ወደ ግመሎቻቸው ሄዱ።

ተመልሰው ሲመጡ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ በሰው ትከሻ ነው። ሐኪሞቹ ከፍተው አዩት፤ ካንሰሩ አንጀቱን ዘግቶ፣ ተሰራጭቶ ነበር። ጅግጅጋ ተቀበሩ።

ሲስተር ትርሲት ያን ቀን ቱቦውን ራሷ አጠበች፣ እኔን አላስነካችኝም። ብሩሹን ወደ መስኮቱ ወስዳ ቆመች፣ መቼም የሚታይ ነገር አልነበረውም። ከዚያ በኋላ «በልተሃል?» የሚል ጥያቄ ከዚያ ክፍል ወጣ። «ከትናንት ጀምሮ በአፍህ የገባውን ሁሉ ንገረኝ፣ ውሃም ቢሆን» ሆነ። በሽተኛውን ብቻ መጠየቅም ቀረ። ያሳደረውን ዘመድ አስጠርታ ታስቀምጥና ለእሱ ታስረዳዋለች። እሷ እስክትዛወር እንዲሁ ሠራን። እሷ ከሄደች በኋላ አንድ ጠዋት ቱቦውን ስነክረው አረፋ ወጣ። እንዲጠገን ተላከ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተሰበረ። እኔ ጡረታ ስወጣ ሣጥኑ ባዶውን መደርደሪያ ላይ ነበር።

እንግዲህ ልጄ ደም ሲፈሰው በከተማችን የሚያይ ቱቦ አልነበረም።

በድሩን ማታ ሳይሆን ቀን፣ ጫት ሳይዝ፣ ብቻውን ጠብቄ አነጋገርኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቅባት ገዝቻለሁ እማ።»

«ከመቼ?»

«ከረመዳን በፊት።»

ረመዳን አልፎ ዐረፋም አልፎ ነበር። ዓይኑን ገልብጬ አየሁት፣ ውስጡ ደም አጥቶ ነጭ ሆኗል።

«እኔ እዛ ቱቦ ላይ አልተኛም» አለኝ። «ሾፌሮቹ ቢሰሙ ስም ያወጡልኛል። እስክሞት ‹ቱቦ› ሲሉኝ ይኖራሉ።»

«ያውጡልህ። ስም የሚወጣለት ላለ ሰው ነው።»

ቀጥሎ ያለኝን እናት ሁሉ አትስማው፤ «አንቺ ያን ሁሉ ሰው አይተሻል። እኔ የትኛው ነኝ?» አለኝ። መቆንጠጫዋን አሰብኩ። «እንየው» ብቻ አልኩትና ተነሥቼ ውሃ ጣድኩ።

ሆስፒታሉ የጻፈልን ወደ አዲስ አበባ ነበር፤ እዚያ ስንደውል የተሰጠን ቀን በጣም ሩቅ ሆነ። ሐረርም ምርመራው አልተገኘም። በመጨረሻ ሲስተር ትርሲትን በስልክ አገኘኋት። ድሬዳዋ አንድ የግል ክሊኒክ ሐኪም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እየመጣ እንደሚያይ ነገረችኝ። «ቱቦውን ሲያጥቡ አይቻለሁ» አለችኝ፤ ከሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስክር ነው።

በሌላ ሰው መኪና ተሳፈርን። የካራማራን ተራራ ስንወጣ በድሩ ሾፌሩ ማርሽ ሲያሳስት እየተቆጣ ነበር፤ ቁልቁለቱን ስንጀምር መቆጣቱን ተወ። ፊቱን ሳየው ላብ አጥምቆታል። እጄን ጨበጠኝ፣ ትልቅ ሰው ከሆነ ወዲህ አድርጎት አያውቅም።

ድሬዳዋ የባሌ ወንድም ሐጂ ኑሪ አለ፣ ሰፊ ቤት ያለው ሰው። እኔ ግን እሱ ቤት አልወረድኩም፤ ክሊኒኩ አጠገብ አልጋ ያዝኩ። ዘመድ እያለ አልጋ መከራየት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሳይውል ሳያድር ሰማ። በድሩ የሚያስቀምጠውን መድኃኒት ጠጥቶ መጸዳጃ ቤት መመላለስ ሲጀምር ሐጂ ፔርሙስ አንጠልጥሎ ደረጃውን ወጣ። በሩ ላይ ቆምኩ።

«የበድሩ እናት፣ ወንድሜ ሲሞት ዘመድነታችንም አብሮ ተቀበረ?»

«ኧረ አልተቀበረም ሐጂ።»

«ታዲያ የወንድሜ ልጅ ሆቴል ውስጥ ይታመማል? ድሬዳዋ ሙሉ ምን ይለኛል?»

«ነገ ከምርመራው በኋላ ቤትህ እንመጣለን። ዛሬ በአፉ ከውሃ በቀር አይገባም።»

«ምግብ አላመጣሁም። ወተት ነው። ሆዱ ባዶ ነው፣ ይደገፍበት።»

«ሐጂ፣ እሱም ይቅር።»

«ወተት እኮ ነው የምልሽ።» ሊያልፈኝ ሞከረ። ትልቅ ሰው ነው፣ ባሌን የቀበረልኝ ሰው ነው፤ በዕድሜዬ ፊቱን ቀና ብዬ አላየሁትም። ደረቱ ላይ እጄን አደረግሁ። ሁለታችንም ደነገጥን።

«ወተት አንድ ሰው ገድሎብኛል» አልኩት። ኮሪደሩ ላይ ቆመን የአዴር ፋራህን ነገር ነገርኩት። መጀመሪያ ፊቱን አዙሮ ነበር የሚሰማኝ። ስጨርስ ፔርሙሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ባለቤቴ ደግሞ ሾርባ ይዛ እየመጣች ነው» አለኝ። «እሷን በእጅሽ አታቆሚያትም።» ደረጃው አፍ ላይ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። ሚስቱ ስትመጣ ድምፅዋን ሰማሁ፣ ከዚያ የእሱን፣ ከዚያ የሁለቱን። ሾርባው አልወጣም። በድሩ ከመጸዳጃው ሆኖ «አጎቴን ተራ አስከባሪ አደረግሽው» አለኝና ሳቀ።

ምርመራው ክፍል ሲገባ እኔን አላስገቡኝም። ነርሷ «እናቴ፣ ውጭ ይጠብቁ» ብላ በሩን ዘጋችው። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ካለ በር በውስጥ በኩል ነበርኩ። በሩ ቀጭን ነው። አየር የሚነፋው ማሽን ድምፅ ተሰማኝ። «በግራ ጎንህ» አለ ሐኪሙ። መምጠጫው አንቋረረ፣ ንጹሕ ድምፅ ነው፣ አልታነቀም። አንጀቱ ባዶ ነው ማለት ነው። «ግፋ። ቆይ። ጥሩ።» እጄን በሩ ላይ አድርጌ ተከተልኩት።

ከዚያ ሁሉም ዝም አሉ።

ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ አንድ ነገር ስክሪኑ ላይ ታይቷል። ዕቃ እስኪጠራ ጠበቅሁ። «ውሃ ርጪበት» አለ። ደሙን እያጠበ ነው። ሐጂ ኑሪ ከኋላዬ መቁጠሪያውን ይቆጥራል፤ እንዲያቆም በእጄ ምልክት ሰጠሁት። አቆመ። መቆንጠጫዋን ስጪኝ እንዳይል አላህን ለመንኩ፤ ከልቤ በሶማሊኛም በአማርኛም ለመንኩ።

«ግንድ አለው» አለ ሐኪሙ። «ሽቦውን ስጪኝ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሐጂ «ምን አለ? ምን አለ?» ይለኛል።

ሐኪሙ ወጥቶ ብልቃጥ አሳየኝ። ቀይ፣ የተምር ፍሬ የሚያህል ነገር ውስጡ ተንሳፍፏል። ደሙን የሚያፈስሰው ይሄ ነው፣ ከሥሩ ወጥቷል አለኝ። «ክፉ ነው?» አልኩት። «አይመስለኝም። ግን በዓይን አይፈረድም፤ ወደ አዲስ አበባ ፓቶሎጂ ይላካል፣ እዚያ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። የሚያዩት ሐኪሞች ጥቂት ስለሆኑ ይቆያል።»

ቆየ። ያ ጥበቃ ከሁሉም ባሰብኝ። በድሩ ደም የሚተካ መድኃኒት እየዋጠ ሐጂ ቤት ተኛ፤ እዚያ ወተቱንም ሾርባውንም እስኪመርረው አጠጡት። እኔ ሲበላ ጉሮሮውን አያለሁ፣ ሲተኛ ደረቱን አያለሁ። «እማ፣ እንደ ትራፊክ አፍጥጠሽ አትዪኝ» ይለኛል። ሐኪሙ በመጣ ቁጥር ክሊኒኩ በር ላይ እገኛለሁ፤ ዘበኛው ሠራተኛ መስዬው ሰላምታ ይሰጠኝ ጀመር።

አንድ ቀን ሐኪሙ ራሱ ስሜን ጠራ። በድሩና እኔ ገባን። ወረቀቱን ገና ሳይዘረጋው ፊቱን ፈለግሁት።

«ካንሰር የለበትም» አለ። «ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ደሙ ቆሟል?»

«ቆሟል» አለ በድሩ።

«ለጥንቃቄ በዓመቱ አንድ ጊዜ እናየዋለን። መኪናህን መንዳት ትችላለህ።»

በድሩ ሐኪሙን ምን ብሎ እንዳመሰገነ አላስታውስም። ወደ ውጭ ወጥተን የክሊኒኩ ጥላ ሥር ቆምን። እሱ ለሐጂ ሊደውል ስልኩን አወጣ፣ ቁጥሩን ሁለቴ ተሳሳተ። እኔ አላለቀስኩም። ፀሐዩ ላይ ወጣሁና ትንፋሼን ሳብኩ፤ ለረጅም ጊዜ በግማሽ ደረቴ ስተነፍስ እንደነበር ያኔ ታወቀኝ።

ልጄ ድኗል። እኔም ከፍርሃቴ ወጥቻለሁ።